የአዋላጇ ብሎግ እና የእኔ ባክአፕ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሰርቨር የሚባለውን፣ ድረ ገጾች የሚቀመጡበትን ኮምፒውተር፣ በዓይኔ አያለሁ ብዬ ጓጉቼ ነበር። ቢሮው ጉለሌ፣ አስፋልት ዳር ካለ የመጋረጃ መሸጫ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አራት ጠረጴዛ፣ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ የሚያንጠባጥብ የውሃ ማጣሪያ። የድርጅቱ ባለቤት ጋሽ ግርማ ወንበሬን አሳዩኝና «ጥያቄ አለሽ?» አሉኝ።

«ሰርቨሩ የት ነው?»

ሳቁ። «ሰርቨሩ ውጭ አገር ነው ያለው። እኛ እዚያ ቦታ ተከራይተን፣ ከፋፍለን ለደንበኛ እናከራያለን። ያንቺ ሥራ ስልክ ማንሳት ነው።»

የሥራ መደቤ «የደንበኞች ድጋፍ» ይባል ነበር። ደንበኛ ደውሎ «ድረ ገጼ አልከፈት አለ» ይላል፤ እኔ ትኬት በምንለው ቅጽ ላይ መዝግቤ ለቴክኒሺያኑ አስተላልፋለሁ። ከደዋዮቹ ግማሾቹ የይለፍ ቃላቸውን የረሱ ነበሩ። በሦስተኛው ዓመት ቴክኒሺያን ሆንኩ፣ በሰባተኛው የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ። ኃላፊ ልበል እንጂ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔና አንድ ባልደረባዬ ብቻ ነን።

ሥራውን እወደው ነበር። ሰው የጻፈው ነገር በራሱ አድራሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ስክሪኑን ትቶ እኔን ያየኛል፤ «እውነት የእኔ ነው?» እንደማለት። እሱ አይሰለቸኝም ነበር።

ሲስተር ዘሐራ የመጡት ኃላፊ በሆንኩበት ዓመት ነው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ቤታቸው ቁስቋም ነው። በሥራ ዘመናቸው ያዩትን ለነፍሰ ጡሮችና ለአራስ እናቶች በብሎግ ይጽፉ ነበር፤ በስልካቸው፣ በአንድ ጣት እየነካኩ። ብሎጉን የከፈቱት በነፃ አገልግሎት ላይ ነው።

ስልካቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ስለ ጡት ማጥባት ከጻፉት ሥር የማቅጠኛ ኪኒን ማስታወቂያ ተለጥፏል።

«ይሄን እኔ ነኝ ያደረግኩት?»

«አይደሉም ሲስተር። አገልግሎቱ ነፃ ስለሆነ ማስታወቂያ የሚለጥፉት እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል? እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ በሚገባኝ አማርኛ ንገሪኝ።»

በቤት አስረዳኋቸው። ነፃው አገልግሎት ዘመድ ቤት እንደ መኖር ነው፤ ኪራይ የለም፣ ግን ግድግዳው ላይ ምን እንደሚሰቀል የሚወስኑት እርስዎ አይደሉም። ሼርድ ሆስቲንግ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ነው፤ ክፍሉ የራስዎ ነው፣ ውሃው ግን የጋራ ነው፣ አንዱ ጎረቤት ድግስ ከደገሰ ለሁሉም ይቀጥናል። ቪፒኤስ የምንለው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ቆጣሪው የብቻዎ ነው፣ ቧንቧ ቢፈነዳም ጠጋኝ የሚፈልጉት እርስዎ ነዎት። ሙሉ ሰርቨር መከራየት ደግሞ ግቢውን በሙሉ መያዝ ነው፤ ለብሎግ አያስፈልግም።

«ቤት ስቀይር ሰው እንዴት ያገኘኛል?»

ብዙ ደንበኛ ይህን አይጠይቅም። «ዶሜይን የሚባል አድራሻ በስምዎ እናስመዘግባለን። እንደ ስልክ ቁጥር ነው፤ የትም ቢዛወሩ አብሮዎት ይሄዳል።»

ሼርድ ሆስቲንጉን መረጡ። የእኔ ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ጋሽ ግርማ የራሳችንን ሰርቨር ገዝተው ከቢሮው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አስቀምጠው ነበር። እሱ ላይ ያሉ ገጾች ቶሎ ይከፈታሉ፤ እኔም ኮርቼበት ነበር። የሲስተርን ብሎግ እዚያ ጫንኩት። አንባቢ ሁለት ቦታ እንዳይደናገር ብዬ የድሮውን ነፃ ብሎግ እሳቸውን አስፈቅጄ አጠፋሁት።

«ቢጠፋስ?» አሉኝ።

«ባክአፕ የምንለው መጠባበቂያ ቅጂ አለ፤ አይጨነቁ።»

ባክአፑ በየሳምንቱ በራሱ ይወሰድ ነበር። «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ይመጣልኛል፣ አይቼ እዘጋዋለሁ። ቅጂው የሚቀመጠው ግን እዚያው ሰርቨር ውስጥ፣ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ነው።

ክረምት ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ ከዚያ በኃይል ተመልሶ መጣ። መብራት ሲቆራረጥ ሰርቨሩን እንዲጠብቅ ያስቀመጥነው ዩፒኤስ አልቻለውም። ከኋላው ክፍል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ሁለቱም ዲስኮች ሞቱ። እዚያ ላይ አሥራ አንድ ደንበኞች ነበሩን፤ አሥሩ ዋናው ፋይል በእጃቸው ስለነበር በሁለት ቀን መለስንላቸው። ሲስተር ዘሐራ ግን የሚጽፉት ቀጥታ ብሎጉ ላይ ነበር። አርባ ሦስት ጽሑፍ። ከተበላሸ ዲስክ ፋይል የሚያወጣ ባለሙያ ዘንድ ወሰድናቸው፤ ፈቶ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ጋሽ ግርማ ጠሩኝ። «ለጊዜው ጥገና ላይ ነን በያቸው።»

«እስከ መቼ ጋሼ?»

«መንገድ እስክናገኝ ነዋ።»

«መንገድ የለም እኮ።»

«ሰናይት፣ የድርጅቱ ስም ነው የሚጠፋው። ሌሎቹ ደንበኞች ቢሰሙስ?»

«ባክአፕ አለ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እኔው ልንገራቸው።»

«ከሄድሽ በራስሽ ኃላፊነት ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተራቸው መለሱ። ሥራዬ በዚሁ ያበቃል ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት በታክሲ ወደ ቁስቋም ሄጄ የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ሰበብ ስደረድር ነበር፤ መብራቱ፣ ዩፒኤሱ፣ ክረምቱ። በሩን ሲከፍቱልኝ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ሲስተር፣ የጻፉት በሙሉ ጠፍቷል። ባክአፕ አለ ያልኩዎት በደንብ ሳላጣራ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ደም ግፊት ስላለባት እናት የጻፍኩትም?»

«እሱም።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ። «ተቀመጪ። እኛ ዘንድ እናት ስትደማ መጀመሪያ ማን አጠፋ አይባልም፤ በእጃችን ምን አለ ነው የሚባለው። ምን ቀረን?»

«የድሮ ገጾችን ከሚያስቀምጥ የኢንተርኔት ማኅደር ርዕሶቹን አግኝቻለሁ። ርዕሶቹን ብቻ።»

«አንባቢዎቼ ዘንድስ?»

ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ሲስተር በቴሌግራም የእናቶች ግሩፕ አላቸው። ስልካቸውን አንስተው የድምፅ መልእክት ላኩ፤ «ልጆቼ፣ ጽሑፎቼ ጠፍተውብኛል። የገለበጣችሁ ካላችሁ መልሱልኝ።» ሻያችንን ሳንጨርስ የመጀመሪያው መጣ። አንዷ ስክሪንሹት አንስታ አስቀምጣ ነበር። አንዷ ለእህቷ የላከችውን መለሰች። አንዷ ደግሞ አትማ ቁም ሣጥኗ በር ላይ የለጠፈችውን ፎቶ አንስታ ላከች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በፊት ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አብረን ለቀምን። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ያርማሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ጠዋት ስለ ጨቅላ ሕፃን ትኩሳት የጻፉትን ሳነብላቸው እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ። ድገሚው።»

«ሕፃኑ ትኩሳት ካለው ሦስት ቀን ጠብቃችሁ እዩት፤» ብዬ ደገምኩ።

ከወንበራቸው ተነሡ። ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እኔ እንዲህ አልጻፍኩም! ጨቅላ ካተኮሰ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ነው ያልኩት። ሥሩ ላይ ስሜ አለ?»

«አለ።»

ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድ ሰው ለውጦታል። ማን እንደሆነ አላወቅንም። ብሎጉ ቢኖር የተጠራጠረች እናት ገብታ ታመሳክረው ነበር። ያጠፋሁት ነገር ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ያን ጽሑፍ በዚያው ጠዋት ከባዶ ጻፉት። ሌላው እስኪሞላ አልጠበቅንም፤ እሱን ብቻ ይዘን በዚያው አድራሻ፣ ውጭ አገር ባለው ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ብሎጉን ከፈትን። ለግሩፑም «ትክክለኛው ይሄ ነው» ብለው ሊንኩን ላኩ።

«አሁን ባክአፕ አወራረዱን አሳዪኝ፤ ከእንግዲህ የማወርደው እኔ ነኝ» አሉ። አሳየኋቸው፣ በላፕቶፔ አወረዱና ፍላሽ ላይ ገለበጡት። ከዚያ ፍላሹን እያዩ «ይሄ ይከፈታል?» አሉኝ። ባዶ የሙከራ ገጽ ላይ ጭነን ከፈትነው። ተከፈተ። በሰባት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ደንበኛ አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ከአርባ ሦስቱ አርባ አንዱ ተመለሱ። ሁለቱን አጣናቸው። «እነሱን እንደገና እጽፋቸዋለሁ፤ አሁን የተሻለ አውቃለሁ» አሉ።

ጋሽ ግርማ በነዚያ ሁለት ሳምንታት ከሥራ ጉዳይ ውጭ አላናገሩኝም። አንድ ቀን ሲስተር ራሳቸው ቢሮ መጡና ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። «ይቺ ልጅ እውነቱን ባትነግረኝ ያ የተበላሸ ጽሑፍ በስሜ ሲዞር ይኖር ነበር» አሏቸው። ጋሽ ግርማ ደረጃው ድረስ ሸኟቸው። በሳምንቱ ሰርቨሩ ከኋላው ክፍል ወጣ። ቅጂዎቻችን ሌላ ቦታ መቀመጥ ጀመሩ፤ በየወሩም የአንድ ደንበኛ ባክአፕ ተመርጦ እንዲከፈትና እንዲታይ ጋሽ ግርማ ደንብ አወጡ። ደንቡ ላይ የፈረሙት እሳቸው፣ የምከፍተው እኔ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲስተር ደውለው ከብሎጉ አስተያየት መስጫ አንድ ነገር አነበቡልኝ። «ልጄ ስታተኩስብኝ ጽሑፍዎን አንብቤ ወዲያው ይዣት ሄድኩ። ደህና ሆናለች።» «ይድገሙልኝ» አልኳቸው፤ ደገሙልኝ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

አሁን ከዚያ ቢሮ ወጥቼ ጀማሪ ብሎገሮችን አሠለጥናለሁ። ሁሉም የትኛው ሆስቲንግ እንደሚሻል ይጠይቁኛል። ለመሞከር ነፃው አይከፋም። ለሚቀጥልበት ሰው አነስተኛው ሼርድ ሆስቲንግ ይበቃዋል፣ አድራሻው በራሱ ስም ይሁን፣ ቅጂው ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም።