ባሕር ማዶ የተመረመረው የአባቴ ማር

ቅዳሜ ጠዋት ነው... በደርግ ጊዜ፣ ዳባት አስተምር በነበርሁበት ወቅት። «አባትህን ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠርተውታል፤ ቶሎ ድረስ!» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ባገኘሁት ኤንትሬ የጭነት መኪና፣ በተጫነው የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ደባርቅ ገባሁ። በዚያ ዘመን ተጠርቶ የገባ ሁሉ አይወጣማ...

ነገሩ የማር ነው። የማኅበሩን ማር ውጭ አገር ለመሸጥ ታስቦ፣ ከአባቴ ቀፎዎች ናሙና ባሕር ማዶ ተልኮ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ስኳር ተገኝቶበታል!

ስደርስ አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ ቆሟል። እናቴ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። ካድሬው ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ጓድ ሞላ፣ ይሄ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው! ስንት ስኳር ጨመርክበት?»

«በጊዮርጊስ እምላለሁ፣ ማሩ ላይ ቅንጣት አልጨመርሁም።»

ወይ አባቴ... ካድሬ ፊት በጊዮርጊስ! ላብ አጠመቀኝ።

ከጎንደር የመጣው የግብርና ባለሙያ አስረዳን። ካርቦን የሚባለው ነገር ቀለል ያለና ከበድ ያለ ዓይነት አለው፤ ኢሶቶፕ ይሉታል። ከሸንኮራ አገዳ በተሠራ ስኳር ውስጥ ከባዱ ከአበባ ማር ይልቅ በዛ ይላል። ሰው ቀምሶ አይለየውም፤ መሣሪያው ግን ይለየዋል።

«መሣሪያ አይዋሽም!» አለ ካድሬው።

አባቴም አይዋሽም። ታዲያ የቱን ልመን?

ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ አባቴ ዞረ። «አባባ፣ ለንቦቹስ በክረምት ምንድን ነው የሚያበሏቸው?»

«እ... እንደ ወጉ ነዋ። በሶና ሽሮ።»

«ሌላስ?»

ዝም።

«ዝምታው ራሱ ማስረጃ ነው! ጥበቃ!» አለ ካድሬው። ጠመንጃ ያነገተው ጥበቃ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«አባዬ፣ ኧረ ተናገር!» ብዬ ጮህሁ። የገረመኝ ግን... አባቴ ካድሬውንም ጠመንጃውንም አያይም። በቆረጣ የሚያየው እናቴን ነው።

በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠራረገ። «በሶውም ሽሮውም አለቀብኝ። ንቦቹ ጥለውኝ ሊሰደዱ ሆነ። ከማኅበሩ ሱቅ የተሰጠንን የራሽን ስኳር... በውኃ እየበጠበጥሁ አጠጣኋቸው። አበባው እስኪፈነዳ።»

ባለሙያው ፊቱ በራ። «ንቦቹ እሱን ነዋ ማር አድርገው ያስቀመጡት! ጓድ፣ የአበባ ማር ተብሎ ውጭ አይሸጥም፤ ማጭበርበር ግን አይደለም።»

ካድሬው ወረቀቱን አየ፣ አባቴን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየ። «ሁለተኛ እንዳይለምድህ። ሂድ!» አለ። ያኔ ገና ተነፈስሁ።

እናቴ ግን ብድግ አለች።

«የት ነው የሚሄደው? ስኳሬን ሰረቀችኝ ብዬ ጎረቤቴን እትዬ ብርቄን ካኮረፍሁ ክረምት ወጥቶ በጋ ገባ! በደጇ እንኳ አላልፍም! ይኸ ሰውዬ እያየ ዝም ይለኛል? ጓድ... እሰሩልኝ!»

ጥበቃው ሳይቀር ሳቀ። አባቴ ግን አንገቱን ደፋ። ወዲያው ከጽሕፈት ቤቱ ወጥተን በቀጥታ እትዬ ብርቄ ደጅ ሄድን፤ አባቴም ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቃት።

በነፃ ከተለቀቀ በኋላ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ከአባቴ ሌላ አላውቅም።