ስኳር የማያፈስ ወረቀት

ሆዴን ኦፕራሲዮን ከተደረግኩ በኋላ ሐኪሙ ከወረቀት የከበደ ነገር እንዳላነሳ ከለከለኝ። ቀልዱን ነበር፤ እኔ ግን ቃሉን ይዤ ወረቀት አነሳሁ። ልጄ ከመሃል ከተማ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ባለቀለም ወረቀት ገዝታ መጥታ አልጋዬ ላይ ጣለችው። «ማሚ፣ ኦሪጋሚ ሞክሪ። ቲቪ ብቻ እያየሽ ቦር ትሆኛለሽ፣ ሳዋ?» አለችኝ፤ በስዋሂሊ «እሺ?» ማለቷ ነው። ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት አገር ትዞራለች።

የናይሮቢ ሐምሌ ፀሐይ የሌለው፣ ዝናብም የማይጥል ግራጫ ነው። ላቪንግተን ጫፍ ካለው አፓርታማችን መስኮት ሥር ጋቢ ለብሼ ወረቀቱን በወፍ ቅርጽ ማጠፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ወፌ ዶሮ መሰለ። ሁለተኛው የታመመ ዶሮ።

ነገሩ ሲይዘኝ ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ። ወረቀት ጃፓን የገባው ከቻይና በኩል ነው። ውድ ስለነበር በዚያ ዘመን የሚታጠፈው ለአምልኮና ለስጦታ ነበር። ሲረክስ ወደ ቤት ወረደ፤ እናት ለልጇ በእጇ እያሳየች ትውልድ ተሻገረ። ባለፈው ምዕተ ዓመት አንድ አጣፊ በነጠብጣብ መስመርና በቀስት ምልክት አበጀለትና፣ ማንም ሰው ቋንቋ ሳያውቅ እንደ ዜማ ምልክት የሚያነበው ሆነ። ከዚያ በፊት አያት ስትሞት አብሯት የተቀበረ እጥፋት ስንት ይሆን? ወፍራሙን ወረቀት በውሃ አርጥበው ልክ እንደ ሸክላ ጭቃ የሚያጎብጡት አሉ። ወደ ጠፈር የሚላክ ዕቃ ሳይቀር በዚሁ ብልሃት አጥፈው ይልኩታል አሉ። ሁሉም ነገር ከአንድ ወረቀት፣ ያለ መቀስ፣ ያለ ሙጫ። ይህን ሳነብ ግን ያሰብኩት ጃፓንን አልነበረም፤ አባቴን ነው።

አባቴ አዲስ አበባ ሱቅ ነበረው። ፌስታል ገና ባልተለመደበት ዘመን ስኳር በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሸጣል። ጋዜጣ የማይጠቀልል ባለሱቅ አልነበረም፤ የሱ ግን ሌላ ነው። ወረቀቱን በመዳፉ አዙሮ ያሾለዋል፣ ስኳሩን ይሞላል፣ አፉን ያጥፋል፤ ከዚያ አውራ ጣቱ የሆነች ነገር ታደርጋለች፣ አለቀ። ጥቅሉን ደንበኛው ራስ ላይ ይገለብጠዋል። አንዲት ፍሬ አትወርድም። «ይኸው!» ብሎ ይስቃል። እኔ ቁመቴ ከባንኮኒው በታች ስለነበር ያቺን የአውራ ጣቱን ሥራ አንድም ቀን አጥርቼ አላየኋትም።

ኬንያ ፌስታል ከከለከለች ወዲህ እዚህ ናይሮቢ ባለን ምግብ ቤት ቆሎ የምንሸጠው ተገዝቶ በሚመጣ ካኪ ከረጢት ነው። በአባቴ ጥቅል ብንሸጠው ምን ነበረበት አልኩ። ቆሎው ግን ሰበብ ነው። አባቴ ከፋሲካ ወዲህ ልቡን ያመዋል፤ እኔ ደግሞ ተሰፍቼ ተኝቻለሁ። ያቺን እጥፋት ከራሱ አፍ፣ ሳይመሽበት፣ መስማት ፈለግኩ።

ታናሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «አባባን አገናኘኝ፣ አንዲት ነገር ልጠይቀው።»

«አሁን ገና ጋደም አለ፣ እታለም።»

በማግሥቱ ጸበል ሄዷል። ሌላ ቀን ድምፁ ተዘግቷል። ጠዋት ስደውል ተኝቷል፣ ከሰዓት ስደውልም ተኝቷል።

በዚያው ሰሞን የናይሮቢ የሐበሾች ማኅበራችን ሴቶች ጥየቃ አበዙ። ወረቀቴን «የልጅ ጨዋታ» እያሉ ሲያሾፉብኝ የከረሙት ሴቶች ዙሪያዬን ከበው ወፍ ማጠፍ ያዙ። ሩቅ ሰፈር ሩንዳ ሰው ቤት የምትሠራው ሳትቀር ከሥራ ስትወጣ በማታቱ ታክሲ ትመጣለች። ሁሉም አቀርቅረው ያጥፋሉ፤ ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም። ተማሪ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከጥቁር በቀር ልብስ ያለ የማይመስላት ልጄም ቢጫ ሹራብ ማዘውተር ጀመረች። አደገች ብዬ አመሰገንኩ።

በመጨረሻ ወንድሜን መውጫ አሳጣሁት። «አንተ፣ ሰውዬው ጆሮ የለውም? የጥቅሏን የመጨረሻ እጥፋት እንዴት እንደሚያደርጋት ጠይቅልኝ!» አልኩት። «ቆይ» ብሎ ስልኩን አራቀ። ቆየ። ተመልሶ «ጫፏን ወደ ውስጥ ሸጉጠሽ በጥፍርሽ ተጫኛት ይልሻል» አለኝ። ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ጉንፋን መሰለኝ።

ወዲያው ጋዜጣ ቀደድኩ። አሾልኩ፣ ስኳር ሞላሁ፣ ጫፏን ሸጉጬ በጥፍሬ ተጫንኳት፣ ገለበጥኩ። ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ደገምኩት። አሁንም ተዘረገፈ። አባቴ ብዙ ነገር ሊረሳ ይችላል፤ የኔን ስም እንኳ ሊረሳ ይችላል። ያቺን እጥፋት ግን አይሳሳትም። እንዲህ በላት ያለው እሱ አይደለም። ታዲያ እሱ የት ሄዶ ነው ሌላ ሰው የሚመልስለት?

ልጄ ቢጫ ሹራቧን ለብሳ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። «ችግር የለም ማሚ፣ እኔ እጠርገዋለሁ» አለችና ስኳሩን በመዳፏ ትሰበስብ ጀመር። እኔም ወደ ወፎቼ ተመለስኩ።

በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ቁስሉ ላልሻረ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። ይጠበቅና፣ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ይመጣሉ። እኔም ከነሱው ጋር ስንቱን ደጅ በንጋት አንኳኩቻለሁ። ቢሆንም ተናደድኩ። አባቴ ያለ እኔ ተቀብሮ፣ እነሱ አልቅሰው፣ ፊታቸውን ታጥበው መጥተው ወፍ ያጥፉልኛል! ደግሞ አሳዘኑኝ። ይህን ሁሉ የለፉት ለስፌቴ ብለው ነው፤ ልፋታቸውን በምን አንጀቴ ላፍርሰው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ቤቱ በሙሉ ይዋሽ ጀመር፤ እኔም ጭምር። እርሜን ሳላወጣ ወፍ ሳጥፍ ሰነበትኩ። ሲብስብኝ ሻወሩን ከፍቼ ፎጣ አፌ ውስጥ ወትፌ አለቅሳለሁ። ስፌቱ ያመኛል።

ሐኪሙ ድነሻል ያለኝ ዕለት፣ ነገ እንደሚመጡ አወቅኩ። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ጥቁር ለበስኩ፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሳሎን ተቀመጥኩ። ሊፍቱ ቆመ። ኮሪደሩ ላይ የብዙ ሰው እግር ሲያመነታ ሰማሁ። ሳያንኳኩ ከፈትኩላቸው። ከፊት የቆሙት ሽማግሌ አለባበሴን አይተው ያዘጋጁትን ቃል ዋጡት። ዞር ስል ልጄ ከመኝታ ክፍሏ ወጥታለች፤ ቢጫውን ሹራብ አውልቃ ጥቁሯን ለብሳለች። ያን ጊዜ ነው የጮህኩት።

ለቅሶው ጋብ ሲል ወንድሜ ደወለ። «ያቺን እጥፋት ከየት አመጣሃት?» አልኩት።

«ከራሴ ነው፣ እታለም። እኔ ነፍስ ሳውቅ ፌስታል ገብቶ ነበር። አባባ ሲጠቀልል አንድም ቀን አላየሁትም።»

እንግዲህ የሚያውቃት የለም። ቀስትና ነጠብጣብ ያበጀላት ሰው አልነበረም። ከሰዓት ምግብ ቤቱ ጭር ሲል አሁንም ጋዜጣ እቀድዳለሁ፣ አሾላለሁ፣ ስኳር እሞላለሁ፣ አውራ ጣቴን እንደመጣልኝ አደርጋታለሁ፣ እገለብጣለሁ። ይፈሳል።