በሌጦ ሥር የተሰበረው ወጭት

ልጄ ዛሬ በሕይወት መኖሩን ሳስብ አስቀድሜ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ቀጥዬ አንድ ሽማግሌ ወጌሻን፣ አንዲት የሸክላ ሠሪ ልጅን፣ ደግሞም ዘጠኝ ገሎችን አመሰግናለሁ። ገል ይመሰገናል ወይ ብሎ የሚስቅብኝ ይኖር ይሆናል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከአባቴ ጭን ላይ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም ተዳርኩ። ነገር ማሳመር አላውቅበትም፤ የሆነውን በሆነበት ተራ እጽፈዋለሁ።

ባሌ ወደ ሰሜን ዘምቶ እንደወጣ ቀረ። ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ በኋላ ደግሞ እኛ ከመኪናው መንገድ ዳር ስለነበርን ለአርበኛ ስንቅ ታቀብላላችሁ ተብሎ ሰፈራችን ተቃጠለ። ያለኝን አንድ ልጅ ይዤ ወደ ጉና ሸሸሁ። እዚያ ከገብሱ ማሳ በላይ አንድ ሰፊ ዋሻ አለ፤ የቆሰሉ አርበኞች የሚተኙበት ነበር። አንድ ሽማግሌ ወጌሻ አጥንታቸውን ይጠግናሉ፣ እኔ አጥሚት አፈላለሁ፣ ቁስል የታሰረበትን ጨርቅ አጥባለሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ውሻ ሲጮህ ጣሊያን ደረሰ እላለሁ፤ አውሮፕላን ሲያጓራ ድስቱን ጥዬ ከድንጋይ ሥር እወሸቃለሁ። ቁስለኞቹ «አንቺ እያለሽ ዘብ መቆም ለምኔ!» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የልጄ ነገር ነበር። ዕድሜው ለጠመንጃ ደርሷል። የአካባቢው አርበኞች አለቃ አንድ ባላምባራስ ነበሩ፤ ገብሱ ተወቅቶ ሲያበቃ ጎልማሳ የተባለ ሁሉ ወደ መንገዱ ወርዶ የጣሊያንን መኪና ይጠብቃል ብለው ነገሩን። ጠመንጃ የሌለው ከወደቀው ያነሳል አሉ። ከወደቀው ያነሳል! እኔ ይህን ስሰማ የታየኝ የሚወድቀው ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን የወጌሻው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጥሚት ስሰጣቸው ዋንጫው ከጥርሳቸው ጋር ይጋጫል። አንድ ቀን ባላምባራሱን አስጠርተው፣ «ሁለት ተማሪ ስጡኝ። እጄ ሳይከዳኝ የማውቀውን ላውርስ። ከሁለት በላይ አልችልም፤ ማብላትም ማስተማርም» አሏቸው። ባላምባራሱም በፈተና የሚመረጡት ሁለቱ ከዋሻው እንዳይወጡ፣ ከዘመቻም እንዲቀሩ ፈቀዱ። ወጌሻ የሌለው ጦር የቆሰለውን ሁሉ እንደሞተ ይቆጥራል፤ እሳቸውም ያውቁታል።

ልጄን ወደ ጥግ ጠርቼ «ሂድ ተፈተን» አልኩት።

«እናቴ፣ ፈርቶ ሴት ጓዳ ገባ ይሉኛል።»

«ይበሉህ! ሲሉህ ትሰማለህ። ሞተህ ግን አትሰማም።»

ሳቀብኝ፤ ግን ሄደ።

ለፈተናው አራት ሆነው መጡ። አንዱ ዲያቆን ነው። ሁለተኛው የባላምባራሱ የእህት ልጅ፣ ሦስተኛው የኔው ልጅ። መጨረሻ ላይ ከገበያ ዳር ሸክላ የምትሸጥ ሴት ልጅ መጣች፤ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ክንዷ የወንድ ክንድ የመሰለ። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው እንል ነበርና ሰው ሁሉ ፈቀቅ አለ። እኔም ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩ። ከኋላ አንዱ፣ «ይቺ ደግሞ ማንን ልትበላ መጣች?» አለ።

«ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት፤ አትስጋ» አለችው ዞር ሳትል።

ወጌሻው አንድ የሸክላ ወጭት አንስተው በጨርቅ ጠቅልለው ሰበሩና አሥራ ሁለት ገል አድርገው ሰሌን ላይ በተኑት። በላዩ የለፋ የፍየል ሌጦ አለበሱት። ለያንዳንዱ ተፈታኝ እንዲሁ አንድ አንድ ወጭት ተሰበረ። ተፈታኙ ከሌጦው በላይ ሆኖ እየዳሰሰ ገሎቹን ማገጣጠም አለበት፤ ገልጦ ማየት የለም። «አጥንትም ከቆዳ በታች ነው» አሉ ወጌሻው። «ገልጬ ልይህ ብትለው እሺ አይልህም።» ሕጉንም አስቀድመው ተናገሩ። ከስድስት በታች የገጠመ ወዲያው ይሰናበታል፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ከገጠሙት ደግሞ ከላይ ያሉትን ሁለቱን ይወስዳሉ። «የማን ልጅ ነህ ብዬ አልጠይቅም። አጥንቱም የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቀኝም።»

ዲያቆኑ ብዙ ደከመ። ሌጦው ሲገለጥ የተገናኙት አራት ናቸው፤ የቀረው እንደ ቆሎ ተበትኗል። «በሉ እኔስ ልሂድ፣ ለዚህ ወጭት ፍትሐት ልድገምለት» አለና ሁሉን አስቆ ወደ ደብሩ ተመለሰ። የባላምባራሱ የእህት ልጅ ሰባት ገጠመ። ልጄ ሲቀመጥ እኔ ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴን ወደ ዋሻው ግድግዳ አዙሬ እመቤቴን እለምናለሁ። ዘጠኝ ሆነለት። ወጌሻው በከሰል ዘጠኝ ጭረት ድንጋዩ ላይ አሰመሩለት።

ከዚያ ልጅቱ ተቀመጠች። ጣቶቿ ሌጦው ላይ ሲሄዱ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ይመስሉ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆም አለች፣ በመዳፏ ጫን አደረገችና «በቃኝ» አለች። ሌጦው ሲገለጥ ወጭቱ ያልተሰበረ ይመስል ነበር። አሥራ ሁለቱም ቦታ ቦታቸው ገብተዋል።

እንግዲህ እሷ አንደኛ፣ ልጄ ሁለተኛ። እኔ በሆዴ እልል አልኩ። ባላምባራሱ ግን ከተቀመጡበት ተነሡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን እህታቸው እንደኔው ባሏ የሞተባት ናት፣ ልጁም አንድ ነው።

«ይህ ፈተና አይደለም» አሉ። «የሸክላ ሠሪ ልጅ ሸክላ ብትገጥም ምን ይደንቃል? ገል ስትጫወት ነው ያደገችው። የፈተናችሁት ጭቃ ማወቋን ነው እንጂ አጥንት ማወቋን አይደለም።»

ወጌሻው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጢማቸውን ያዝ አድርገው «ልክ ነዎት» አሉ። «ይህን አላሰብኩትም። ሁለቱ ልጆች በማያውቁት ጠፍ እርሻ ላይ ሲሮጡ እሷ የሮጠችው በራሷ ደጅ ነው። እንግዲያው ሌላ እንጨምር።»

ለቁስለኛ የመጣ በግ ታርዶ ነበር። ወጌሻው ከነቆዳው ሦስት እግር አስቆረጡ፤ ለብቻቸው ወስደው እያንዳንዱን ሦስት ቦታ በድንጋይ ሰበሩ። እያንዳንዱ ተፈታኝ እግሩን ዳስሶ አጥንቱ ስንት ቦታ እንደተሰበረ፣ ወደየት እንዳዘነበለ በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ ከዚያ በቢላ ተርትረው ያያሉ። የእህት ልጁ ከሦስቱ ስብራት አንዱን አገኘ። የኔው ሁለቱን አገኘ። ልጅቱ ሦስቱንም፤ ደግሞ ወጌሻው ራሳቸው ያላወቁትን አንድ ስንጥቅ ጨምራ ነገረቻቸው። ሲተረትሩት አለ።

«ተራው አልተለወጠም» አሉ ወጌሻው። «አንዴ በሸክላ፣ አንዴ በአጥንት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ባላምባራሱም «ይሁን፤ ታውቃለች። ግን ማን ያስነካታል?» አሉ። «ሰው በቡዳ እጅ እግሩን ይሰጣል? የቆሰለው ካልፈቀደላት አሥራ ሁለት ብታመጣ መቶ ብታመጣ ምን ይጠቅማል? እሷን ተዉና ሁለቱን ልጆች ውሰዱ። ሁሉም በሰላም ይገባል።»

ልጅቱ ጣቷ ላይ የቀረውን የበግ ጮማ በሣር ትጠርጋለች፤ ቀና አላለችም። ያን ጊዜ ወጌሻው ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ የምታጎርሻቸው፣ አንቺ ነሽ የምታጥቢላቸው። ጠባያቸውን ታውቂያለሽ። እስቲ በእግዚአብሔር ፊት ንገሪኝ፤ ይቀበሏታል አይቀበሏትም?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለኔ! «አይቀበሏትም» ብል ልጄ እንደዳነ ነው፤ የባላምባራሱም የእህት ልጅ ዳነ፤ ማንም አይከፋብኝም። ሐሰትም ላይሆን ይችላል፤ እኔ ራሴ ነጠላዬን ስቤባት የለ? ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዓይኔ ድንጋዩ ላይ ካለው የከሰል ምልክት አረፈ። የሷ አሥራ ሁለት ጭረት ከልጄ ዘጠኝ ጭረት በላይ ተሰልፏል። ያኛው ዛሬ በሰው አፍ ከተሰረዘ ይሄን ነገ ማን ይጠብቀዋል ብዬ አሰብኩ። ባላምባራሱ ሌላም ዘመድ ይኖራቸዋል። ልጄ አጎት የለው፣ ርስት የለው፤ ያለው ያ ጭረት ብቻ ነው። ደግነት ነው ብላችሁ እንዳትቆጥሩልኝ፤ ፍርሃት ነው።

ከሁለት ቀን በፊት ውኃ ስቀዳ በውርጭ አንሸራቶኝ የግራ እጄ አውራ ጣት ወልቆ ነበር። ወጌሻው «ነይ ልመልሰው» ሲሉኝ መሳቡን ፈርቼ ሸሸሁ፣ በጨርቅ አስሬ ደበቅኩት። ያንን ጨርቅ ፈታሁ።

«አባቴ፣ ስለሰው ምን አውቃለሁ። እኔን ትሞክረኝ» አልኩና ከቁስለኞቹ መካከል ሄጄ ተቀመጥኩ።

ልጅቱ መጣች። እጄን ሳትነካ ፊቴን አየችው፤ ነጠላዬን እንደገና ልስብ ስል ያዝ አደረገችው።

«እናቴ፣ ዓይኔን ልጨፍንልሽ?» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ «ጨፍኚ» አልኳት። ዋሻው በሳቅ ሞላ። እሷም ሳቀችና ጨፈነች።

«ሌጦው ሥርስ በዓይኔ መች አየሁ» አለች። ከዚያ ጣቴን እንደ ጫጩት በመዳፏ አቅፋ በቀስታ እየዳሰሰች፣ «ገብሱ ዘንድሮ እንዴት ነው? ፍሬ ይዟል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከአምናው ይሻላል፣ ታችኛው ማሳ ግን...» ከማለቴ ጎተተችው። ቋ! «ጊዮርጊስ!» ብዬ ጮህኩ፤ ከደጅ ያለው ዘብ ጠመንጃውን አቀባበለ። ጣቴ ግን ቦታው ገብቷል። አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት፤ ይሠራል። እሷ አሁንም እንደጨፈነች ነው።

«ልግለጥ?» አለችኝ።

«ግለጪ ልጄ፣ ግለጪ» አልኳት። ማልቀሴን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ቅልጥሙ የተሰበረ አንድ ጎልማሳ ከጥግ ሆኖ «ባላምባራስ! ወጌሻው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ከሚያሹኝስ ይቺው ብታሸኝ ይሻላል፤ እሳቸው አይቀየሙኝ እንጂ» አለ። ከጎኑ የተኛው ደግሞ «እኔን አትነካኝም» ብሎ ፊቱን አዞረ። «አንተን እኔው አሽሃለሁ» አሉት ወጌሻው፤ «እጄ እስኪያቆም። ከዚያ አንተ ታውቃለህ።» ከሌሎቹ ግን እምቢ ያለ አልነበረም።

ባላምባራሱ ጋቢያቸውን አጣፉና ወጡ። ከደጅ ቆመው «የፈቀድኩትን አልሽርም። በቁጥሩ ይሁን» አሉ። ለዚህ ቃላቸው እሳቸውንም ሳላመሰግን አላድርም። መሻር ይችሉ ነበር፤ ጠመንጃው የሳቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ልጄ ከቀርከሃ ስንጥር ይልጣል፣ ቅቤ ያቀልጣል፣ ልጅቱ ስትስብ እግር ይይዝላታል። «አጥብቀህ ያዝ እንጂ፣ አንተ ዘጠኝ!» ትለዋለች። ዘጠኝ ስሙ ሆኖ ቀረ። ይናደድ ነበር፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ተመስገን እላለሁ። አትነካኝም ያለው ሰውዬም ከአንድ ሱባኤ በኋላ «እስቲ ይቺን ልጅ ጥሩልኝ፣ ዓይኗን ጨፍና ትምጣ» ብሎ እየተሳደበ አስጠራት።

ገብሱ ተወቅቶ አበቃ። ጎልማሶቹ በሚወርዱበት ጠዋት እናቶች ሁሉ ከዋሻው ደጅ ተሰበሰቡ፤ እኔ በሶ በየስልቻው እሞላለሁ። የባላምባራሱ እህት ከአጠገቤ መጥታ ቆመች። ልጇ አጎቱን ተከትሎ ቁልቁለቱን ጀምሯል። ፊቷን ማየት ፈራሁ። ትረግመኛለች ብዬ እጄ በሶው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

እሷ ግን ልጇ ከቁጥቋጦው እስኪሰወር አይታ፣ «እህቴ» አለችኝ፤ «ከቆሰለ የሚያመጡት ወደዚህ ነው አይደል?»

«ወደዚህ ነው።»

«እንግዲያው ለልጅሽ ንገሪልኝ። ጠንክሮ ይማር።»

ስልቻውን አስቀምጬ ወደ ዋሻው ገባሁ። ልጄ ከልጅቱ ጎን ተንበርክኮ የሰው ቁርጭምጭሚት ይዟል። የባላምባራሱ እህት ያለችውን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ከንፈሩን ነክሶ እንደገና ከላይ ጀምሮ መዳሰስ ጀመረ።