ሰኞ የሰማሁት፣ አርብ ያረዱኝ

መካነ ኢየሱስ የመጣሁት ለትምህርት ነው። ዩኒቨርሲቲው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ወደ ግቢ እስኪጠራ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ኮርሶች በኢንተርኔት ጀምሩ ብሎን ነበር። ከወገዳ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን ኢንተርኔት ቀርቶ ተራ ስልክ ለመደወልም ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ የምትኖረው አክስቴ፣ የአባየ ታናሽ እህት፣ "እኔ ዘንድ ትቀመጥ" ብላ ላከችብን።

አባየ ያን ጊዜ ታመው ነበር። መሪጌታ ናቸው፤ ቤተ ልሔም ከሚባለው የድጓ ማስመስከሪያ ደብር ተምረው ከተመለሱ በኋላ ዕድሜያቸውን ሁሉ ያገለገሉት በደብራችን ነው። ሕመሙ ከሆዳቸው ጀመረ፤ እየዋለ እያደረ ደግሞ ድምፃቸውን አሳነሰው። ትቻቸው መሄድ ስላልሆነልኝ አልሄድም አልኩ።

"ቀርተሽ ምን ልትሠሪልኝ ነው? ልትቀድሽልኝ ነው?" አሉና ሳቁ። ሳቃቸውን ሳል አቋረጠው። ሳሉ ሲተዋቸው፣ "ፈተናሽን ጨርሰሽ ነይ። እኔ የትም አልሄድም" አሉኝ።

እኔ የታዘዝኩትን የማደርግ ልጅ ነኝ። የመጀመሪያውን ፈተና ጨርሼ በማግሥቱ አባየ ዘንድ ለመድረስ ቀን እየቆጠርኩ ሄድኩ።

ሲስተሙ ውስጥ መግባት ብቻውን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የስልኬ ዳታ አይሠራም ነበር፤ ዋይፋይና ኮምፒዩተር የሚገኘው መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ከዩኒቨርሲቲው የተላከልኝን የይለፍ ቃል አስገብቼ አዲስ ፍጠሪ አለኝ፤ ስፈጥር ትልቅ ፊደል የለውም አለኝ፤ ትልቅ ፊደል ስጨምር ቁጥር የለውም አለኝ፤ ቁጥር ስጨምር ምልክት የለውም አለኝ። ከዚያ የፈጠርኩትን ራሴ ረሳሁትና ቆለፈብኝ። የቤቱ ባለቤት ቀልድ የማያልቅባት ሴት ናት።

"አንች ልጅ፣ መንግሥተ ሰማያት ሲገባም ይህን ያህል የሚጠየቅ አይመስለኝ" አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ተከፈተልኝ። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጻፍኩና ውዳሴ ማርያሜ ውስጥ አስቀመጥኩት።

የጂኦግራፊ መምህራችን የመጀመሪያ ሥራ አድርጎ የሰጠን በውይይት ገጹ ላይ ራሳችንን እንድናስተዋውቅ ነበር። ሌሎቹ "ሰላም፣ ከደብረ ታቦር ነኝ" ብለው አለፉ። እኔ መጀመሪያ ደብተር ላይ አርቅቄ፣ ከዚያ በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ስለ አባየ ጻፍኩ፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው መሆናቸውን፣ አሁን መታመማቸውን፤ በጸሎት እንዲያስቡልኝም ለመንኩ። መምህሩ "ጥሩ አቀራረብ" ብሎ መለሰልኝ። እሱን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ካላሳየሁ ብዬ ኮምፒዩተሩን ወደሷ አዞርኩት። አንድ ተማሪ ደግሞ የጎረቤት ደብር ልጅ መሆኑን፣ ልጅ ሳለ ዜማ የተማረው ከአባየ ዘንድ መሆኑን፣ አሁን ደብረ ታቦር ወንድሙ ጋር ሆኖ እንደሚማር ጻፈልኝ። የአገሬን ልጅ እዚያ ማግኘቴ ደስ አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ጉብታው ላይ ሲወጣ ይደውልልኝ ነበር። "እንዴት ናቸው?" ስለው "ደኅና ናቸው፤ ተኝተዋል" ይለኛል። ሁልጊዜ ተኝተዋል።

ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት ማክሰኞ ገና ሲነጋ አክስቴ አራስ ልጠይቅ ብላ ወጣች። ሐሙስ ስትመለስ ድምፅዋ ተዘግቷል፣ ዓይኗም ቀልቷል። ጉንፋን ይዞኝ መጣ አለችኝ። ዳማ ከሴ ቆርጬ አፈላሁላት። አቀርቅራ ጠጣችና "ተባረኪ" አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤት ውስጥም ሻሽዋን አልፈታ አለች።

ፈተናው ለሐሙስ ተቀጥሮ ነበር። ሰኞ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ሲስተሙን ስከፍት፣ በዚያ ራሴን ባስተዋወቅሁበት ጽሑፍ ሥር ብዙ አዲስ መልስ እንዳለ አየሁ። መምህሩ ሌላ ጥያቄ የጠየቀ መስሎኝ ቶሎ ከፈትኩት። የመጀመሪያው የዚያ የአገሬ ልጅ ነው።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ለቀብር መጥቼ አንቺን አጣሁሽ። የኔታን ነፍሳቸውን ይማርልን።"

ከሱ በታች የማላውቃቸው ልጆች ተራ በተራ "ነፍስ ይማር" ብለዋል። አንዷ የሚያለቅስ ፊት ለጥፋለች። መጨረሻ ላይ መምህሩ፣ "ጥናቱን ይስጥሽ። ፈተናው እንዲዘገይልሽ ከፈለግሽ ጻፊልኝ" ብሏል።

ከሌላ ሰው ጋር አምታቶኝ ነው አልኩ። ከዚያ "የማን ቀብር?" ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው መለሰ።

"አልተረዳሽም እንዴ?"

ቀጥሎም፣ "ይቅር በይኝ። ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ ያረዱሽ መስሎኝ ነው። ሳምንት ሊሞላው እኮ ነው" አለ።

በአገራችን ሰው መርዶ ብቻውን አይሰማም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሰውዬው ለሥራ ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሱበታል። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ራሱን እንዳይጎዳ ይይዘዋል። እስከዚያ የሰማ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ያ ልጅም ይህን እንደ እኔው ያውቃል፤ ክፋት አልነበረበትም። ሳምንት ሙሉ ያልተረዳች ልጅ ትኖራለች ብሎ አላሰበም። "ለማንም እንዳትናገር" ብቻ ብዬ ጻፍኩለት።

"ምነው? ደግሞ ቆለፈብሽ?" አለችኝ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ከማሽኑ ቀና ብላ።

"አዎ" አልኳትና ወጣሁ።

መንገድ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ። አራስ የለችም። ጉንፋንም አልነበረም። አክስቴ ወንድሟን ቀብራ፣ ሠልስቱን ውላ ነው የመጣችው። ሻሽዋን ያልፈታችው ጸጉሯን ለሐዘን ስለተቆረጠች ነው። ከኔ ደብቃ የቤት ልብሷን እንደወትሮው ለብሳ፣ "በላሽ ወይ፣ አጠናሽ ወይ" ስትለኝ ሰንብታለች።

ቤት ስገባ ምስር ትለቅም ነበር።

"ፈተናው ያው ሐሙስ ነው?" አለችኝ።

"ሐሙስ ነው እትየ።"

"በርቺ። ሐሙስን እለፊና ከዚያ አባትሽን..." ብላ ምስሩን አስጠግታ ማየት ጀመረች።

ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ብነግራት ያን ሰዓት ለቅሶ ይጀመራል፣ ሰው ይጠራል፣ ፈተናውም ይቀራል። አባየ ጨርሰሽ ነይ ያሉኝ ፈተና ነው። መምህሩ ይዘገይልሻል ማለቱን አልረሳሁም፤ ግን ጨርሰሽ ነይ የተባልኩትን ጨርሼ መሄድ ነበር የፈለግሁት። ቀብራቸውን ወስደውብኛል፤ ከኔ ሊወስዱት ያልቻሉት አንድ የቀረኝ ነገር እሱ መሰለኝ። እና ምስሩን አብሬያት ለቀምኩ። ማልቀስ ሲያምረኝ ሽንት ቤት እገባና ነጠላየን አፌ ውስጥ እጠቀጥቃለሁ። ስወጣ አክስቴ ዓይኔን እያየች "ማንበቡ ጎዳሽ" ትለኛለች።

ሐሙስ አርባ ጥያቄ ለአንድ ሰዓት ተሰጠን። ከላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ዐሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ስለ ዓባይ ገባሮች ነበር፤ ከምርጫዎቹ አንዱ በሽሎ። በሽሎን ከደጃችን ቁልቁል እያሳዩ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የነገሩኝ አባየ ናቸው። እዚያ ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። መልሱን ነካሁና አለፍኩ። ሁሉንም ሠርቼ ላክሁት፤ "ደርሶናል" አለኝ።

አርብ ማለዳ በር ተንኳኳ። ለብሼ ነበር የተኛሁት። የአክስቴ የንስሐ አባት ገቡ፤ ሁለት የጎረቤት ሴቶች ገቡ፤ በስተኋላ ራሱን የተላጨ ታላቅ ወንድሜ ገባ፤ ዓይኔን አላይ አለ። ሴቶቹ ግራና ቀኜ ተቀምጠው ክንዴን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ፈተናሽን ጨረስሽ?" አሉኝ ቄሱ።

"ጨረስኩ አባ።"

"እግዚአብሔር ይባርክሽ። እንግዲህ ሁላችን እንግዶች ነን። አባትሽ፣ መሪጌታ፣ ዐርፈዋል።"

ከሰኞ ጀምሮ ለዚህች ሰዓት ስዘጋጅ ነበር። ልጮህ፣ ልወድቅ፣ እነሱ እንደጠበቁኝ ልሆንላቸው። ከአፌ የወጣው ግን፣

"እሺ" የሚል ነበር።

ከሴቶቹ አንዷ "ደንግጣ ነው፣ ውሃ አምጡ" አለች። አክስቴ ግን ቆማ አየችኝ።

"ሰምተሻል" አለች። "መቼ ነው የሰማሽው?"

"ሰኞ።"

"ሰኞ! ማን ነው የነገረሽ?"

"ትምህርቱ ላይ ነው እትየ። ልጆቹ ጽፈውልኝ።"

"እኔ አንች ሰምተሽ ፈተናሽ እንዳይቀር ብዬ ወንድሜን አልቅሼ ሳልጠግብ ተመለስኩ" አለች። "አንች ደግሞ እኔ እንዳላውቅብሽ ትደብቂኛለሽ። እዚሁ ቤት፣ አንድ መሶብ ላይ!" ደረቷን መታች። ወንድሜ ሊይዛት ተነሣ።

"ተዋት፤ እናንተም ልጅቷን ልቀቋት" አሉ ቄሱ።

ሴቶቹ ክንዴን ለቀቁት። አባየ ከተቀበሩ ዐሥረኛ ቀናቸው ነበር። አክስቴ ላይ ወደቅሁ፤ እሷም እኔ ላይ፤ ወንድሜ ወደ ወገዳ ሊወስደን የያዘልን መኪና ሰዓቱ ደርሶ ሄደ፤ ተነሡ ያለን አልነበረም።