የታችኛው ቅርጫት ዓሦች

ከዳባት በታች ባለው ወንዝ ዳር የቆዳ ፋብሪካው ሲከፈት ሰው ሁሉ ስለ ሽታው አወራ። ስለ ውሃው እንዳጣራ የተቀጠርኩት እኔ ነበርኩ። ሥራዬን ሳስረዳ ሰው ይስቅብኛል፤ ዓሦች በሁለት የሽቦ ቅርጫት አስሬ፣ አንዱን ከፋብሪካው በላይ፣ ሌላውን ከፋብሪካው በታች ወንዙ ውስጥ አኖራለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ጉበትና ሥጋቸው ጎንደር ሄዶ ይመረመራል። ውሃ ዛሬ ደፍርሶ ነገ ይጠራል፤ ዓሣ ግን የቀመሰውን መርዝ በሥጋው ይዞ ይቆያል። ስለዚህ በጠርሙስ ከተቀዳ ውሃ ይልቅ ዓሣን አምናለሁ።

ታችኛውን ቅርጫት የሚጠብቁት የታች መንደር አዛውንት ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ለዓመታት ታስረው የወጡ፣ ዝምተኛ ሰው። እኔ በየቅዳሜው ከደባርቅ ወርጄ ዓሦቹን ቆጥሬ እመለሳለሁ። አንድም አልሞተም። ውጤቱም መጣ፦ የላዮቹም የታችኞቹም ጤነኛ ናቸው። ፈርሜ ላክሁት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለመንደሩ ሰው ተነበበ፤ ሴቶቹም ምንጩ ድረስ አቀበቱን መውጣት ትተው ከወንዙ መቅዳት ጀመሩ። አልዋሽም፣ ኮርቼ ነበር።

ቅርጫቶቹን ልናነሳ በሄድንበት ቀን አዛውንቱ ፈገግ ብለው፣ የሚነግሩኝ ነገር እንዳለ፣ ነገር ግን ለማንም እንዳልተነፍስ በደረስጌ ማርያም መማል እንዳለብኝ ነገሩኝ። ጥበቃውን ትተው ተኝተው ከርመው ይሆናል ብዬ ማልሁ። ነገሩን ሳይሰማ የሚምል ሞኝ ከእኔ ሌላ አላውቅም።

ለካስ ዓሦቹ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በጎናቸው ተኝተው ማጣጣር ጀምረው ኖሯል። እሳቸውም በባልዲ ተሸክመው አቀበቱን ወጥተው ምንጩ ሥር ባለች ኩሬ ለቀቋቸው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ፣ እኔ ከመድረሴ በፊት ወደ ወንዙ ይመልሷቸውና እኔ ስሄድ መልሰው ያወጧቸው ነበር።

«ነፍስ አይደሉም? እስር ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እስሩ ነው ሊገድላቸው የነበረ» አሉኝ። እንደ ጽድቅ ሥራ ነበር የነገሩኝ።

«ሆድ ይፍጀው» ይባላል፤ እኔን ግን ሆዴ ፈጀኝ። ብናገር ማርያምን እከዳለሁ፤ ሽማግሌውም ከእንጀራቸው ይነሳሉ። ዝም ብል ያ ሁሉ ሰው ያን ውሃ ይጠጣል። ግማሹ ዝምታዬ ደግሞ ስለ መሐላው አልነበረም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ሥራው ቢያልቅም ቅዳሜ ሲመጣ እግሬ ወደ ወንዙ ይወስደኛል። ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች ጎንበስ ብለው «እግዜር ይስጥልን» ሲሉኝ የምገባበት አጣለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆኜ ከረምኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ወደ ሽማግሌው ቤት ወረድኩ። ልጃቸው፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከአራት ዓመት ሴት ልጇ ጋር አብራቸው ትኖራለች። መደብ ላይ አስቀመጠችኝና ውሃ ልትቀዳልኝ ወደ ጀሪካኑ ሄደች።

«አባባ፣ መሐላዬን ይፍቱልኝ» አልኳቸው።

እንዴት ብለው፣ በማርያም የተማለ እንዲህ በዋዛ ይፈታል ወይ አሉኝ። በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ።

«ዓሦቹን ሊገድላቸው የነበረው እስሩ አይደለም። ውሃው ነው።»

ሳቅ ሊሉ ከንፈራቸውን ከፈቱና ተዉት። መሬት መሬቱን አዩ። ምንጩ ሥር ሲለቀቁ በስንት ቀናቸው ነፍስ እንደዘሩ ጠየቅኳቸው። በማግስቱ እንደ ነበር ነገሩኝ።

«ውሃው ከሆነማ… እኛስ?» አሉ።

ልጃቸው ለትንሿ ልጇ በኩባያዋ ቀድታላት፣ ለእኔም ኩባያ ሞልታ ከፊቴ አኖረች። እጄን ሳልዘረጋ ሽማግሌው ኩባያውን በመዳፋቸው ከደኑት። ሴትየዋ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ አንዴ እኔን አንዴ አባቷን ታያለች።

ትንሿ ልጅ ግን የራሷን ጨርሳ፣ አፏን በእጇ ጠርጋ፣ እንዲጨመርላት ኩባያዋን ለእናቷ ዘረጋች።