ከዳሞታ እስከ ዱጉና የተከልኩት ችካል

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ዘመን፣ ሶዶ ውስጥ የስፖርት መምህር በነበርኩበት ጊዜ ነው። ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ይሁንና ቢሮ ሄጄ «ነገ ተመለስ» በተባልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ለማንም በቅጡ አውርቼው ስለማላውቅ ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ምህረት የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ሜዳ ላይ ስትወዳደር ሁልጊዜ የመጨረሻዋ መቶ ሜትር ላይ ትቀደማለች። ዳገት ላይ ግን ወንዶቹም አይደርሱባትም። ሐዋሳ ያለ አንድ የክለብ አሠልጣኝን ደጋግሜ ስለምነው በመጨረሻ «የተራራ ሩጫ አዘጋጅና መጥቼ ልያት» አለኝ። በታኅሣሥ ወር ካሉት ቅዳሜዎች አንዱን ቆረጥን። የመጨረሻ ዓመቷ ስለነበር ይህ ካመለጣት ሌላ ዕድል እንደማይመጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ያሰብኩት ሩጫ ከሶዶ ተነስቶ፣ የዳሞታን ተራራ ወገብ ይዞ፣ ሸንተረር ለሸንተረር ወደ ምሥራቅ ሄዶ፣ የዱጉናን ተራራ ተሻግሮ ቢጠና ከተማ ላይ የሚያበቃ ነበር። በእግሬ ሞክሬው ቀኑን ሙሉ ወሰደብኝ። ዳገቱ አላስፈራኝም። ያስመረረኝ ፈቃድ ማውጣቱ ነው።

የመጀመሪያው ቢሮ ወደ ሁለተኛው ላከኝ፤ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። ሦስተኛው ደግሞ «የመጀመሪያው ሳያውቅ እንዴት እኛ ጋ መጣህ?» ብሎ መለሰኝ። ወደ መጀመሪያው ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ስብሰባው ሲያልቅ ግምገማ ናቸው። ግምገማው ሲያልቅ መስክ ወጥተዋል። ክፍለ ጊዜዬን ለጓደኞቼ እያስያዝኩ ወር ሙሉ በረንዳ ላይ ቆምኩ።

በስንት መከራ ኃላፊው ተገኙ። ማመልከቻዬን አንብበው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ዓላማው ምንድን ነው?»

«ሩጫ ነው።»

«እሱ ገብቶኛል። ከጀርባው ምን አለ?»

ከጀርባማ የሚቀደሙት ልጆች ናቸው ልል ዳድቶኝ ምላሴን ያዝኩ።

«በል ይሄን ከልማት ጋር አያይዘህ ጻፈው» አሉ። «እንዲሁ ባዶውን አይፈረምም።»

እኔም ሄጄ «ጉዳዩ፦ የልማት ንቅናቄን በሩጫ ስለማጠናከር» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን ተፈርሞ ክብ ማህተም አረፈበት። ያን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ እንደ ዲፕሎማ ይዤው ዞርኩ።

ቀጥሎ መንገዱን ምልክት ማድረግ ነበረብን። ከምህረት ጋር ከትምህርት ቤቱ ግቢ ባሕር ዛፍ ቆርጠን፣ ችካል አድርገን፣ ጫፉን ቀይ ቀለም ቀባን። ከዚያ በየመታጠፊያው እየተከልን ሄድን። የእግር መንገዱ በየገበሬው ጓሮ፣ በእንሰትና በቡና መሀል ነው የሚያልፈው። ሰዎች ከደጃቸው ቆመው ያዩናል። እኛም «ሳሮ» ብለን ሰላምታ እየሰጠን እናልፋለን። ከሰላምታ ሌላ አንድ ቃል አልተነፈስንም።

ከሦስት ቀን በኋላ ብመለስ ግማሹ ችካል የለም። አንዳንዱ ተነቅሎ ተጥሏል። አንዳንዱ ከአንዱ ማሳ ተነቅሎ ጎረቤት ማሳ ውስጥ ተተክሏል። አንደኛው ችካል እንዲያውም ሯጩን በቀጥታ ወደ ገደል የሚልክ ነበር። ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ በረንዳ ላይ መቆም፣ ያ ሁሉ ልመና፣ አሁን ደግሞ ይሄ!

ለምን እንደነቀሉት አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅኩም። ቋንቋው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ወላይትኛ አፌን የፈታሁበት ነው። ንዴቴ ነው ያስቸኮለኝ። በቀጥታ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄጄ ማህተሙን ዘረጋሁለት። ሰውየው «ልማት» የሚለውን ሲያነብ ከወንበሩ ተነሳ።

«አታስብ መምህር፤ እሁድ ከቸርች መልስ ስብሰባ አለ፤ እኔ እነግርልሃለሁ» አለኝ።

ነገረልኝ። የልማት ችካል ነው፣ የነካት ይጠየቃል ብሎ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳየ። እኔም ችካሎቹን መልሼ ተከልኩ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም አልተነካ። ድሮውንስ እንዲህ ካልተባለ አይሆንም አልኩ። በራሴም ኮራሁ።

ሐሙስ ዕለት፣ ሩጫው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከምህረት ጋር መንገዱን ለመጨረሻ ጊዜ ለማየት ወጣን። ሸንተረሩ አጋማሽ ላይ አንድ ቤት አለ። ጓሮው ጥቅጥቅ ያለ እንሰት ስለነበር ውስጡ ሲገቡ ይጨልማል። እዚያ ስንደርስ ቦታው ወለል ብሏል። የተሳሳትን መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ።

እንሰቱ የለም። አፈሩ ገና ትኩስ ነው። ከመሀሉ የእኔ ችካል ቀይ ጫፏን ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች።

የቤቱ ባለቤት፣ አቶ ኦይቻ የሚባሉ ሽማግሌ፣ እጃቸውን በልብሳቸው እየጠረጉ መጡ። ከቢሮ የመጣን መስሏቸው በአማርኛ ነው የጀመሩት።

«እንጨቷን አልነካናትም። እዩ። መንገዷ እንዳትቸገር እኛ ራሳችን አጸዳን።»

በወላይትኛ መለስኩላቸው። ፊታቸው ፈካ፤ ያስረዱኝ ጀመር። ትልልቆቹን እንሰቶች ለቆጮ ፍቀው ጉድጓድ አስገብተዋል። ትንንሾቹን ወደ ሌላ ጥግ አዛውረዋል። መካከለኞቹ ግን ለመድረስ ገና ሁለት ሦስት ዓመት የሚቀራቸው ስለነበሩ ከብት በላቸው። ጎረቤቶቻቸው መሬታችን ይወሰዳል ብለው ፈርተው ነው ችካሉን የነቀሉት። እሳቸው ግን «የልማት ችካል» ሲባል የመኪና መንገድ ሊመጣ ነው ብለው ስላመኑ የፈሩት መንገዱ እንዳይቀር ነው። መሐንዲሶቹ ተቆጥተው መንገዱን በሌላ ሸንተረር እንዳይወስዱት ብለው በሦስት ቀን ጓሯቸውን ባዶ አደረጉ።

«መቼ ይጀመራል?» አሉኝ።

 አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አባባ፣ የመኪና መንገድ አይደለም። ለሩጫ ነው የተከልነው።»

«ለሩጫ?»

«ልጆች ከሶዶ ተነስተው እየሮጡ ቢጠና ይሄዳሉ።»

«ቢጠና ምን አላቸው?»

«ምንም። ይሮጣሉ፤ ከዚያ በመኪና ይመለሳሉ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ችካሏን አዩ። «እኛም በዚህ ሮጠናል» አሉ። «ምራቴ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ቦዲቲ ጤና ጣቢያ ሮጥን። አልደረስንም።»

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው መጥረቢያ እየሳለ ነበር። ሽማግሌውን አይቶ እሱም ሐሳቡን ቀይሯል። በማግስቱ በመንገዱ በኩል ያሉትን ባሕር ዛፎቹን ሊጥል ነው።

አሁን የምጽፈው የሚያሳፍረኝን ነው። ወደ ምህረት ዞሬ «ቅዳሜ ይለፍና እሁድ እንነቅለዋለን፤ አሁን ለጎረቤትየው ብቻ እንንገረው» አልኳት። ወር ሙሉ የለፋሁበት ነገር ሁለት ቀን ሲቀረው እንዲሰረዝ ልቤ እምቢ አለኝ።

«መምህር፣ ከዚህ እስከ ቢጠና ስንት ጓሮ አለ?» አለችኝ። «ለሁሉም ደርሰን ልንነግር ነው?»

መልሴን አልጠበቀችም። ከአጥሩ ወጥታ የሚቀጥለውን ችካል ነቀለች። ዕድሉ የእሷ ነበር፤ የነቀለችውም እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ሮጥን። እየነቀልን፣ በየደጁ እየጮህን «መንገድ አይደለም፣ ተሳስተን ነው!» እያልን። የተነቀለውን ችካል ለማገዶ ለየቤቱ ሰጠን። ሲመሽ ቢጠና ገባን፤ አርብ ደግሞ የቀረውን በዳሞታ በኩል ነቀልን። ያ ሩጫ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተሮጠ፤ ሯጮቹም ሁለት ነበሩ። አሠልጣኙ ጋ ደውዬ ተሰርዟል ስለው «ድሮስ የእናንተ ነገር» ብሎ ዘጋብኝ። ዳግም ስልኬን አላነሳም።

ሐሙስ ዕለት ምህረትን ተከትዬ ከአቶ ኦይቻ ጓሮ ስወጣ የእሳቸውን ችካል ልነቅል ጎንበስ ብዬ ነበር። እጄን ያዙኝ።

«ይቺን ተዉልኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል አባባ?»

«መንገድ የሚመጣ ቀን የት እንደሚገባ ይወቅ።»

ተውኩላቸው። እስከማውቀው ድረስ በዚያ ሸንተረር መንገድ አልመጣም። በሚቀጥለው ክረምት የእንሰት ችግኝ አሸክሜ ሄጄላቸው ነበር። ተቀበሉኝ፤ አመሰገኑኝም። ያቺ ችካል ግን ዝናብ ቀለሟን አጥቧት እዚያው ቆማ ነበር፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ምህረት አሁን ቤሌ ከተማ መምህርት ናት። ስንገናኝ «ያን ሩጫ ማን አሸነፈ?» እያለች ትቀልድብኛለች። እኔ ግን እስከ ዛሬ መሳቅ አቅቶኛል።

ደብዳቤው ከነማህተሙ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሦስት ቢሮ ያንከራተተኝን ንዴት አልረሳሁም፤ ልረሳም አልፈልግም። ነገር ግን ሰው ተሰብስቦ ስለ ቢሮ ሲያማርር እኔም ልቀጥል አፌን ስከፍት፣ ያንን ማህተም ይዤ በአንድ ሽማግሌ ጓሮ «ሳሮ» ብቻ ብዬ ማለፌ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ዝም እላለሁ።