አብርድ ራሱ የተኛ ዕለት

ከጥበቃው እስከ ዋናው ሐኪም ድረስ ሁሉም «ጋሽ አብርድ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ልብን የሚመግቡትን የደም ሥሮች፣ ደረት ሳይከፈትና ሽቦ ሳይገባ ከውጭ ሆኖ ፎቶ የሚያነሳውን ቀለበት መሳይ ትልቅ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ማሽኑ የተከበረ ቢሆንም አንድ አመል አለበት፤ ልብ ሲጣደፍ ፎቶው ይደበዝዛል። እዚያ ቀለበት ውስጥ ግባ ተብሎ ልቡ የማይጣደፍ ሰው ደግሞ፣ መመርመር ያለበት ልቡ ሳይሆን ሌላ ቦታው ነው።

ስለዚህ የጋሽ አብርድ ግማሽ ሥራ ወሬ ነው። የልብ ምት የሚያዘገየው ክኒን እስኪሠራ ድረስ ከታማሚው አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ስለሚያፈስ ጣሪያ፣ ስለ ነገረኛ አማች፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ያወራል። «ሥሮቹን የሚያሳየው ማቅለሚያ በክንድዎ ሲገባ ሙቀት ይወርርዎታል። ሱሪዎ የረጠበ ይመስልዎታል። አልረጠበም። ቢረጥብም የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ስንቱን አይቼ ዝም ብያለሁ» ይላቸዋል። ስቀው ሲጨርሱ ምታቸው ይበርዳል። ያን ጊዜ እሱ ከመስታወቱ ጀርባ ይገባል። ማሽኑ የሚናገረውም በእሱው ድምፅ ነው። ከፋብሪካው ይዞት የመጣው ድምፅ ማንም የማይሰማው ቋንቋ ስለነበር፣ «አየር ይሳቡ፤ ይያዙት፤ እንዳይነቃነቁ» የሚለውን እሱ ራሱ ቀርጾበታል።

ይኸው ሰውዬ ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ጭምድድ አድርጎ የሚይዘው ነገር ከጀመረው ሰንብቷል። ለራሱ የሰጠው ስም ጨጓራ ነበር። አንዲት እናት ያንኑ ስሜት ጨጓራ ነው ብለው ሊያመልጡ ሲሉ፣ «ጨጓራ ደረጃ አይቆጥርም እናቴ፤ ይተኙ» ብሎ በር ላይ የመለሳቸው እሱ መሆኑን ግን ረስቶታል፤ ወይም የረሳ መስሎታል።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተዛነፈ ነገር ከዓይኗ አያመልጥም። አንድ ቀን ወደ ቤታቸው ሲወጡ ደረጃው መሃል ላይ ቆም ብሎ አጎነበሰ።

«ምን ሆንክ?»

«ጫማዬን ላስር ብዬ።»

ጫማውን አየችው። «አንተ ሰውዬ፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ምኑ ነው የሚታሰረው?»

ከዚያ ወዲያ ጭቅጭቅ አልነበረም። በማግስቱ ሱቋን ዘግታ የልብ ሐኪሙ ዘንድ ራሷ ሄደች። ሐኪሙም ባልየውን አስጠርቶ ትንሽ ከጠየቀው በኋላ፣ ለሌሎቹ የሚለውን አለው፤ ይተኛና ይታይ።

ተኛ። ማሽኑን የያዘችው እሱ ያሠለጠናት ነርስ ነበረች። ምቱ ግን ከክኒኑ ጋር እልህ የተጋባ ይመስል አልወርድም አለ።

«ጋሼ፣ ስለ ጣሪያ ላውራዎት?» አለችው።

«የራሴን ሸቀጥ ለእኔው ልትሸጪልኝ ነው?»

ሌላ ክኒን ጨመረችለት። ቀልዶቹን ለራሱ ቢያወራም አልሠሩም፤ የት ላይ እንደሚያስቁ ያውቃቸዋል። መጨረሻ ላይ ልቡ ራሱ ሰልችቶት ነው መሰለኝ ረገብ አለ። አልጋው ወደ ቀለበቱ ገባና ያ ድምፅ መጣ። «አየር ይሳቡ። ይያዙት። እንዳይነቃነቁ።»

ይህን ቃል በሰማ ቁጥር የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ቀና ብሎ ታማሚው መነቃነቅ አለመነቃነቁን በመስታወቱ ያያል። ስንት ዓመት የኖረበት ልማድ ነው። አሁንም ቀና ብሎ አየ።

ፎቶው ብልሽትሽት አለ።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ተነቃነቁ እኮ» አለች ነርሷ።

«ታማሚው ይነቃነቅ እንደሆነ ላይ ብዬ ነዋ።»

በመስታወቱ አየችው። «ታማሚው እርስዎ ነዎት።»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ ስቃ ጨረሰች፤ እሱ ግን ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠበት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነጭ ጋዋኑን አውልቆ፣ ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎ እንኳ ታማሚው ሌላ ሰው ነበር። ፈራ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። በሁለተኛው ዙር የገዛ ድምፁ እንዳይነቃነቁ ሲለው፣ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ደርቆ ቀረ። ሙቀቱም ወረረው፤ ሱሪውንም ተጠራጠረ።

ከዚያ የነርሷ ድምፅ መጣ። ማር የመሰለ ድምፅ ነበር። «በጣም ጎበዝ ነዎት ጋሼ። ትንሽ ጋደም ይበሉ።»

ይህንንም ያስተማራት እሱ ነው። ፎቶው ደህና ከሆነ «ጨርሰናል፣ ይነሱ» ነው የሚባለው። ደህና ካልሆነ ሐኪም እስኪጠራ ድረስ ታማሚው እንዳይደነግጥ ይመሰገናል። ስንቱን ሰው እንዲህ ሲያመሰግን ኖሯል። ሰዎቹም ተደስተው አመሰግናለሁ ይሉት ነበር። እሱ ግን አመሰግናለሁ ማለት አልቻለም።

ሐኪሙ መጥቶ ፎቶውን አሳየው፤ ማሳየት ባያስፈልግም። ከዋናዎቹ ሥሮች አንዱ ክፉኛ ጠቧል። ገና አልተዘጋም፤ በጊዜ መጥቷል፤ በዚህ ሳምንት መከፈት አለበት።

ባለቤቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። «እ?» አለችው።

ለሰው ሚስት የሚላት ነገር ሞልቶት ተርፎታል፤ ስንቷን በዚሁ ኮሪደር አረጋግቶ ሸኝቷል። ለገዛ ሚስቱ የሚሆን ግን አንድም አጣ።

«ጠቧል» አላት። «ዋናው ሥር ነው። ይከፈት ብለዋል። እኔ ፈርቻለሁ።»

ከተጋቡ ጀምሮ ፈርቻለሁ ሲል ሰምታው አታውቅም።

«እሰይ» አለች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «እንዲህ ንገረኝ። እንዲህ ከነገርከኝ አብረን እንችለዋለን።»

አግዳሚው ላይ አስቀመጠችውና እጁን ያዘች።